«ማቀዝቀዝ» ወይስ «ማሟሸት»?

ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት በቧንቧው የሚፈጸመውን ተግባር «ማቀዝቀዝ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ቃሉ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው፤ ውጤቱን እንጂ ዝግታውን አይገልጽም። አደጋው ደግሞ ከጥድፊያው ላይ ነው። ሜቴን ፈሳሽ የሚሆነው በ-162 ዲግሪ ሴልሲየስ ግድም ሲሆን፣ ይህ ፈሳሽ ከሞቀ ቧንቧ ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ ፈልቶ ይተናል፤ ግፊቱ ይንራል፤ የቧንቧው ሆድ ቀዝቅዞ ሲኮማተር ጀርባው ሙቅ እንደሆነ ስለሚቆይ ብረቱ ይጎብጣል፤ መጋጠሚያውም ይላላል። ስለሆነም አስቀድሞ ቀዝቃዛ ተን፣ ቀጥሎም ጥቂት በጥቂት ፈሳሽ እያሳለፉ ሙቀቱን በደረጃ ያወርዱታል።

አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም። በአርሲ፣ አርቦዬም ሆነ አሰላ፣ አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ ለሥራ አይውልም። «ማሟሸት እሳት ይጠይቃል» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ዘፋኝ ድምፁን ያሟሻል መባሉ መልስ ይሆናል፤ ቃሉ ከምድጃ ከወጣ ቆይቷል። እኔ «በቅዝቃዜ ማሟሸት» የሚለውን እመርጣለሁ። («ቅድመ ቅዝቀዛ» የሚሉም አሉ፤ ይህ ለዚያው ለጎዶሎው ቃል የግእዝ ካባ መደረብ ነው።)

ጉዳዩ የባሕር በር ላላቸው አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በካሉብ የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ ተመርቋል፤ ቦቴ የሚሞላበት ቧንቧም ይኸው ጠባይ አለው። በመመሪያው ላይ «አቀዝቅዝ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ቫልቩን በዝግታ መክፈት እንዳለበት ሠራተኛው ከቃሉ አያገኘውም።