ፊት የሌላት ሰላይ

የቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ሁለት ዓይነት ተመልካች አለው። አንዱ ከፍሎ ይገባል፤ ፊልሙን ያያል፤ ፖስተሩ የዋሸውን እዚያው ጨለማ ውስጥ ያርማል። ሌላው አይገባም። እንደ ማንቡክ ባለች ትንሽ የመተከል ከተማ የማትገባው ማን እንደሆነች መገመት አያስቸግርም፤ እኔ የማውቀው ቪዲዮ ቤት የወንዶች ቦታ ነበር። ጄሪካን ተሸክማ በዚያ የምታልፍ ልጅ ከፊልሙ የሚደርሳት ሁለት ነገር ነው፦ ከውስጥ የሚሰማው ተኩስና በሩ ላይ ያለው ወረቀት። ስለዚህ ስለ ስለላ ፊልም ፖስተር ሳወራ ስለ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም የማወራው። ለእሷ ፊልሙ ያ ወረቀት ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም «ዶክተር ኖ» እ.ኤ.አ. በ1962 ሲወጣ ፖስተሩ ላይ ቦንድ ሽጉጡን ይዞ ይታያል፤ ጎኑ አራት ሴቶች ተደርድረዋል። እሱ ስምና ቁጥር አለው፤ እነሱ ብዛት ብቻ አላቸው። በ1964 የ«ጎልድፊንገር» ፖስተር አንዲት ሴት ገላዋን ወርቅ ተቀብታ የፊልሙ ምስሎች የሚያርፉባት ሸራ ሆነች። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የ«ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» ፖስተር ቦንድን ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ በሴቶች አሳጠበው። በነዚህ ሁሉ ሴቲቱ የምትነግረን ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ እሱ ነው፤ ምን ያህል ወንድ እንደሆነ ምስክር ሆና ቆማለች።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የ1981ዱ «ፎር ዩር አይስ ኦንሊ» ነው። ከፊት ለፊት ከኋላ የሚታዩ ሁለት ረጃጅም እግሮች አሉ፤ ከወገብ በላይ ሴትየዋ የለችም። በእግሮቿ መሀል ራቅ ብሎ ቦንድ ሽጉጡን ደግኗል። እጇ ላይ ባለ ቃታ ቀስት ይዛለች። እንግዲህ ቀስት በመተከል እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጉሙዝ ማኅበረሰብ ቀስትና ወንድ ልጅ ተለያይተው አያውቁም። ቀስት ያየ የእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነው የያዘው? ማን ላይ ነው ያነጣጠረው?» ብሎ ነው። ፊልሙ መልስ አለው፦ ሜሊና ሃቭሎክ ትባላለች፤ አባትና እናቷ ተገድለውባት ደማቸውን ለመመለስ የተነሳች ሴት ናት። ፖስተሩ ግን ቀስቷን አስቀርቶ ፊቷን ወሰደባት። እግሮቹ እንኳ የተዋናይቷ የካሮል ቡኬ አይደሉም፤ የሌላ ሞዴል ናቸው።

ያኔ ፖስተሩ ጫጫታ አስነስቶ ነበር። አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች ከጉልበት በላይ ያለውን ቆርጠው አተሙት፤ አንዱ ጋዜጣ እንዲያውም ቁምጣ ስሎ አለበሳት። ልብ በሉ፦ ጭቅጭቁ ስለ ልብሷ እንጂ ስለ ፊቷ አልነበረም። እኛም ዘንድ ፖስተር ሲነቀፍ የምንሰማው ያንኑ ነው፤ «ተራቁታለች» እንላለን፣ «ማን ናት?» አንልም። ቁምጣ የለበሰች ፊት አልባም ያው ፊት አልባ ናት።

ለውጡ ቀስ እያለ መጣ። በ1985 የ«ኤ ቪው ቱ ኤ ኪል» ፖስተር ግሬስ ጆንስን ከቦንድ ጋር ጀርባ ለጀርባ አቆማት፤ ቁመታቸውም ክብደታቸውም እኩል ሆነ። በ2010 «ሶልት» መጣ። ገጸ ባሕሪው መጀመሪያ ለወንድ ተዋናይ የተጻፈ ነበር፤ በኋላ ለአንጀሊና ጆሊ ተሰጠ። ፖስተሩ ላይ ያለው ፊቷና አንድ ጥያቄ ነው፦ ሶልት ማን ናት?

«ፖስተር እኮ ለመሸጥ ነው፤ ምን አካበድከው?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ለመሸጥ ነው። «ሶልት» በዓለም ዙሪያ ከ290 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ፊትም ይሸጣል ማለት ነው።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2012 የ«አቬንጀርስ» ፖስተር ላይ ወንዶቹ ፊት ለፊት ቆመው ሰላይዋ ብላክ ዊዶው ብቻ ዳሌዋን ወደ እኛ አዙራ ተጠማዘዘች። አንድ ሠዓሊ ወንዶቹን ሁሉ በእሷ አቋቋም መልሶ ሳላቸው፤ ያየው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ትችት ነበር። ወንድ ላይ የሚያስቅ አቋቋም ሴት ላይ ለምን «ኖርማል» መሰለን? የእኛ ቪዲዮ ቤቶች ፍቅር የሆነው የህንድ ፊልምም እዚሁ መንታ መንገድ ላይ ነው። በ2023ቱ «ታይገር 3» ካትሪና ካይፍ ለብቻዋ ፖስተር ተሰጣት፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ትተኩሳለች። ደስ ይላል። ግን ሽጉጥ የዋና ልብስን ተክቶ ሌላ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ። መሣሪያ ማስያዝ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሐሳብ እንዳላት ማሳየት ነው።

ለምን ከባድ ሆነ? ሰላይ የምትኖረው ባለመታየት ነው፤ ፖስተር የሚኖረው በመታየት ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን እነ ሸዋረገድ ገድሌ የውስጥ አርበኛ ሆነው ለዱሩ አርበኛ መረጃና ጥይት ሲያቀብሉ ጉልበታቸው ማንም ልብ ሳይላቸው ማለፋቸው ነበር። ሸዋረገድ በመጨረሻ ተይዛ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ታስራለች። እስቲ ይህችን ሴት ለፖስተር ሳሏት። ማስገለጥ አይሆንም፤ ሽጉጥ ማስታጠቅም ታሪኩን አይነግርም። የሚቀረው ነጠላዋና አንድ ምስጢር የያዘ ፊት ነው።

የእኔ መመዘኛ ከዚህ ይነሳል። ደካማ የስለላ ፖስተር ሴቲቱ የለበሰችውን ይገልጣል፤ ጎበዙ የምታውቀውን ይደብቃል። አንዱ ዓይናችንን ያጠግባል፤ ሌላው ጥያቄ ሰጥቶ ይሸኘናል። ዛሬ ፖስተር ከበር ላይ ወርዶ ቴሌግራም ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። በዚያች ጠባብ ቦታ ብዙ ነገር አይገባም፤ ፊት ግን ይገባል። በአማርኛ «ሰላይ» ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ነው። ፖስተር ሠሪዎቻችን ከቋንቋቸው ቢማሩ ይበቃቸዋል።