ሙጫ የሌለው ወረቀት

የአልማዝ ወረቀት ሙጫ የለውም፤ ክርም ማኅተምም አይፈልግም። ራማት ጋን በሚገኘው የእስራኤል የአልማዝ ገበያ አንድ ነጋዴ የቤት ዋጋ የሚያወጣ ድንጋይ ከኮቱ ኪስ ሲያወጣ፣ ድንጋዩን ይዞት የኖረው የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ብሪፍከ እንለዋለን። እንግዳ ሰው ሲያየው መንገድ ዳር ኮሎ የሚጠቀለልበት ወረቀት ይመስለውና ይስቃል። እኔ ግን ድንጋይ በመለየት ሥራ ስኖር፣ የሰውን እጅ የምመዝነው በወረንጦ አያያዙ ሳይሆን ወረቀት ሲከፍትና ሲያጥፍ ነው።

ወረቀቱ ድርብ ነው። ውጩ ጠንካራና ነጭ፣ ውስጡ ደግሞ ስስ፣ ልሙጥና ብርሃን የሚያሳልፍ። መጀመሪያ ታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ አጥፌ ኪስ አበጃለሁ፤ ቀጥዬ ሁለቱን ጎኖች ወደ መሃል አመጣለሁ፤ ላይኛው ክዳን በመጨረሻ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ በከንቱ አይደለም። ጎኖቹ የታጠፈውን ታች ደርበው ስለሚያጥፉት ማዕዘኖቹ ይዘጋሉ፤ ድንጋይ የሚያመልጠው ደግሞ ሁልጊዜ በማዕዘን ነው።

በላስቲክ ለምን አይሆንም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል፤ ጥቃቅኑ አልማዝ ከውስጡ ተለጥፎ አልወርድም ይላል። ወረቀት ግን ሲዘረጋ ጠረጴዛ ይሆናል፣ በእጥፋቱ መስመር ሲጎብጥ ደግሞ ድንጋዩን ወደ ሚዛኑ ሳህን የሚያወርድ ቦይ ይሆናል።

አዲስ ልጅ ሲመጣ ወረቀቱን አየር ላይ ሊከፍተው ይሞክራል።

«ጠረጴዛው ላይ አድርገው» እለዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይዤዋለሁ እኮ!»

የያዘው ወረቀቱን ነው፤ ድንጋዩን የያዘው እጥፋቱ ነው። ከመክፈት በፊት የወረቀቱን ታች ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ወደ ኪሱ ግርጌ ይወርዳል። ከዚያ ክዳኑ፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ ታችኛው መጨረሻ። አልማዝ ወለል ላይ ሲወድቅ ዘሎ የት እንደሚገባ አይታወቅም። በወደቀበት ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ማንም እግሩን አያነሳም፤ የሱሪ እጥፋትና የጫማ ሶል ሳይቀር ይፈተሻል።

ወረቀቱ ተከፍቶም ድንጋዩ በጣት አይነካም። አልማዝ ውሃን ይሸሻል፣ ቅባትን ይወዳል። በማዕድን ማውጫዎች የተፈጨውን አለት ከውሃ ጋር ቅባት በተቀባ ገበታ ላይ እያፈሰሱ አልማዙን ይለዩት የነበረው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ሌላው ታጥቦ ሲያልፍ እሱ ተጣብቆ ይቀራል። የጣት ወዝም እንዲሁ ይጣበቅበትና ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ተጠርጎ፣ በወረንጦ ተይዞ ይመለሳል።

ትልልቁን ድንጋይ ለየብቻ እናጥፋለን፤ አልማዝን የሚጭረው አልማዝ ነውና። ጥቃቅኑ ግን በመቶ የሚቆጠረው በአንድ ወረቀት ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ማጠፍ አያዋጣም። እንዲህ አብሮ የከረመ ድንጋይ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ የገጾቹ ጠርዝ ተበልቶ፣ ነጣ ብሎ ይገኛል። ነጋዴው ወረቀቱን ይወቅሳል። ወረቀት አልማዝ አይጭርም፤ የጫረው አብሮት የታጠፈው ነው።

ስለ ውስጠኛው ወረቀት ቀለም አንድ ነገር ልበል። ብዙው ሰማያዊ ቀመስ ነው፤ ምክንያቱም ሰማያዊ ጥቂት ቢጫነት ያለውን ድንጋይ ነጭ ያስመስለዋል። ማታለል ነው እንዳልል ሁሉም ያውቀዋል፤ ያውቀዋል እንዳልል ደግሞ ከገበያው ውጭ ያለ ገዢ አያውቅም። ከዲ እስከ ዜድ በሚሄደው የቀለም ደረጃ የአንድ ፊደል ልዩነት ብዙ ገንዘብ ነው። እኔ በብሪፍከው ላይ ቀለም አልፈርድም፤ ድንጋዩን አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ በፊቱ ደፍቼ ከጎኑ አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው የወሎ ኦፓል ሲገጥመኝ ደግሞ ባለቀለም ወረቀት አላስጠጋውም። ፈሳሽ የሚጠጣ ድንጋይ ነው፤ ትንሽ እርጥበት ካለ የወረቀቱን ቀለም አብሮ እንዳይጠጣ እሰጋለሁ።

ክዳኑ ላይ ክብደት፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ጥራትና የዕቃው ቁጥር ይጻፋሉ፤ ዋጋ በምስጢር ፊደል። ከጥቅሉ ድንጋይ ሲወጣ የቀረው እዚያው ይሰላል፦ 12.40 ካራት ነበር፣ 0.35 ወጣ፣ 12.05 ቀረ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ በዓይን ለውጥ የማይታይበት ጉድለት በጽሑፉ ይያዛል። የድሮው ቁጥር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። የተፋቀ ወረቀት ካየሁ ሁሉንም እንደ አዲስ እመዝናለሁ፣ ባለቤቱ ቢከፋውም።

ገዢ ዋጋ ሲያቀርብ ወረቀቱ ካሼ ይሆናል። ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፤ ገዢው ያቀረበውን ዋጋና የአከፋፈሉን ሁኔታ ይጽፍበትና ማሸጊያው ላይ ይፈርማል። ሻጩ እሺ ወይም እምቢ እስኪል ድረስ ፖስታውን ከፍቶ ለሌላ ማሳየት አይችልም። ከተስማሙ «ማዛል ኡብራኻ» ብለው ይጨባበጣሉ፤ ያ ቃል እንደ ውል ይጸናል። ድንጋዩ እኛ ቢሮ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ እንደገና መመዘን ነው፤ ቀጥሎ አዲስ ወረቀት ይታጠፋል፤ የሻጩ የምስጢር ዋጋ የተጻፈበት አሮጌው ወረቀት ተቀዶ ይጣላል።