ከሽፋኑ ላይ የጎደለው ስም

ፋቢያን ሌቱዜ «ፍሩት 2.1» የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 ከነሙሉ ኮዱ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ማንም እንዲያነበውና እንዲማርበት፣ ከኮዱ ወስዶ ሌላ ፕሮግራም የሚያሠራጭም የራሱን ኮድ በተራው እንዲገልጥ የሚያስገድድ ፈቃድ አብሮት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቫሲክ ራይሊክ «ሪብካ» ብቅ አለ። ኮዱ የተሰወረ ነበር፤ ኃይሉ ግን ተወዳዳሪ አጣ። ከ2007 እስከ 2010 የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮናን በተከታታይ አሸነፈ።

ጥርጣሬው እያደር ጎልብቶ፣ የውድድሩ አዘጋጅ የሆነው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ማኅበር በ2011 ፍርዱን ሰጠ። ሪብካ ከፍሩት የተወሰደ ነው ብሎ ማዕረጎቹን ገፈፈ፤ ራይሊክንም ዕድሜ ልክ አገደ።

ለመሆኑ የተወሰደው ምንድን ነው? ሁለቱ ፕሮግራሞች ሰሌዳውን የሚይዙበት መንገድ አንድ አይደለም። ፍሩት በየካሬው የቆመውን ጠጠር በተራ ይመዘግባል፤ ሪብካ ግን 64ቱን ካሬዎች በ64 ቢት ቁጥሮች ይወክላል። እንግዲህ አንዱን መስመር በመስመር ወደ ሌላው መገልበጥ አይቻልም። መርማሪዎቹ በዋናነት የተመለከቱት የግምገማውን ክፍል ነው፤ ይኸውም የንጉሡ ደኅንነት፣ የወታደሮች አሰላለፍና የጠጠሮች እንቅስቃሴ የሚመዘኑበትን ሥርዓት። በዚያ የመመዘኛዎቹ ምርጫ በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ይመሳሰላል አሉ።

እንዲህ ከሆነ ነገሩ ከግልበጣ ይልቅ ትርጉምን ይመስላል። ትርጉም ደግሞ የሰነፍ ሥራ አይደለም። የሌላውን ሐሳብ ወደ ባዕድ ቋንቋ አሻግሮ፣ ከምንጩ አስበልጦ ማናገር ችሎታ ይጠይቃል፤ ሪብካም ከፍሩት እጅግ በረታ። ውርስ ትርጉም እንኳ ሴራውንና ገጸ ባሕርያቱን ወደ አገር ልማድ ሲመልስ፣ የመጀመሪያውን ደራሲ ስም ከሽፋኑ ላይ አይፍቅም።

ራይሊክ የፍሩትን ኮድ ከዳር እስከ ዳር እንደመረመረና ብዙ ነገር እንደወሰደ ገና በ2005 ተናግሯል፤ የሌላ ሰው የጨዋታ ኮድ አልወሰድሁም ሲል ግን በኋላ ተከራክሯል። ሐሳብን መማር ነውር አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁንና የውድድሩ ደንብ የሌላውን ኮድ ፈጽሞ አይከለክልም ነበር፤ የሚጠይቀው የባለቤቱን ስም በመመዝገቢያው ላይ ማስፈርን ነው። የማኅበሩ ክስ የጸናው በዚህ ላይ ነው።

ቅጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ኮሚሽን በ2015 የዕድሜ ልኩን እገዳ ነቀፈ፤ ሪብካ ወጥ ሥራ ነው ብሎ ግን አልፈረደም። ሁለቱ ውሳኔዎች አይጋጩም። ዕዳን መሰወር ያስጠይቃል፤ የዕዳውን መጠን ሳይለኩ ሰውን ከሙያው እስከ ወዲያኛው ማባረርም እንዲሁ። ሌቱዜ ይገባው የነበረው ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ በሥራው አጠገብ መጠቀሱ ነበር። ይህ በ2005 ተደርጎ ቢሆን፣ አራቱ ማዕረጎች ለክርክር ባልተጋለጡ ነበር።