ሰዓት የሚቆጥር ፊልም፣ ሰዓት የማይቆጥር ንፋስ

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ዶርም ውስጥ፣ ከአራት ጓደኞቼ ጋር፣ በአንድ ላፕቶፕ ነው። መጨረሻው ላይ ውሃው ከቱቦው ወጥቶ ወደ ደረቀው ማሳ ሲፈስ አጠገቤ የነበረው ልጅ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተር ከፈትኩ። «አንተ ልብ የለህም እንዴ?» አለኝ። ልብማ አለኝ፤ ግን አንድ ነገር አልገጥም ብሎኝ ነበር።

ፊልሙ በ2019 የወጣው «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዷቸው)። ያዘጋጀውም፣ ጽሑፉን የጻፈውም፣ አባትየውን ሆኖ የተወነውም ቺወተል ኤጂዮፎር ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ማላዊያዊው ዊሊያም ካምክዋምባ በ2001 እና 2002 በሀገሩ ረሃብ ሲገባ ቤተሰቡ የሚከፍለው አጥቶ ከትምህርት ቀረ። በመንደሩ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኃይል ምንጮች የሚያስረዳ መጽሐፍ አገኘ። ከዚያ ከአሮጌ ብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያ፣ በእሳት ለስልሶ ከተዘረጋ የፕላስቲክ ቱቦ እና ከባሕር ዛፍ ግንድ የንፋስ ተርባይን ሠራ። ካላያችሁት እዩት፤ ከዚህ በታች ግን መጨረሻውን ስለማወራ ቅር እንዳትሰኙ።

ያልገጠመኝ ነገር ይኸውላችሁ። ኃይሉን የሚያመነጨው የብስክሌት ዲናሞ ነው። የብስክሌት ዲናሞ ደግሞ የተሠራው የፊት መብራት ለማብራት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 3 ወይም 6 ዋት ነው። እኔ ለፊልሙ ላዳላና 12 ዋት ልበል። ጉድጓዱም 10 ሜትር ብቻ ይሁን፤ ከኃይሉ ግማሹ በፓምፑና በሽቦው ይባክን እንበል። አንድ ሊትር ውሃ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ 98 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በቀረው 6 ዋት በሰዓት 220 ሊትር ያህል ይወጣል፤ ንፋሱ ሌሊትና ቀን ባያቋርጥ ደግሞ በቀን 5,300 ሊትር ገደማ። በደረቅ ወቅት በቆሎ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የሚጠጣው ማሳ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ የሄክታር አንድ አሥረኛ ማለት ነው።

ንፋስ ደግሞ ያቋርጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ከውስጡ የሚገኘው ኃይል በግማሽ አይደለም የሚወርደው፤ ወደ ስምንተኛ ነው። ከቀኑ ሲሦውን ብቻ ነፈሰ ብንል 350 ካሬ ሜትር ላይ እንደርሳለን። በእውነተኛው የ3 ዋት ዲናሞ ካሰላነው 90 እንኳ አይሞላም። ይህ የቲማቲም ጓሮ ነው፤ ቤተሰብን ከረሃብ የሚያወጣ የበቆሎ እርሻ አይደለም።

«ፊልም እኮ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያልኩት እንዲሁ ነበር። የፊልም ተመራማሪውን የዴቪድ ቦርድዌልን ሥራዎች ካነበብኩ በኋላ ግን ጥያቄዬ ተቀየረ። ቦርድዌል ለረጅም ዓመታት በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ በ2024 ያረፈ ምሁር ነው። ፊልምን የሚያየው መካኒክ ሞተር እንደሚያይ ስለሆነ ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ልጆች ይመቻል፤ ይህ ክፍል ምን ይሠራል? ቢወጣ ምን ይጎድላል? በ1985 ከጃኔት ስታይገርና ከክሪስቲን ቶምፕሰን ጋር ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ የጥንቱን የሆሊውድ አተራረክ ፈታትቶ ያሳያል። ግብ ያለው ባለታሪክ አለ፤ እንቅፋት አለ፤ ከዋናው ጉዳይ ጎን ብዙውን ጊዜ የፍቅር ታሪክ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለ። ሰዓቱ ሲቆጥር እኛ ወንበራችን ጫፍ ላይ እንቀመጣለን።

በዚህ መነጽር ስታዩት የፊልሙ ለውጦች ሁሉ ምክንያታቸው ይገለጣል። በእውነቱ ታሪክ ዊሊያም ተርባይኑን ያቆመው የረሃቡ ክፉ ወራት አልፎ አዲስ እህል ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያበራውም አምፖል ነው፤ ቀጥሎ ሬዲዮ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ፊልሙ ግን የጊዜ ገደብ ስለሚያስፈልገው ረሃቡን ሰዓት አደረገው፤ ፓምፑን ወደ ኋላ ጎትቶ አመጣና መፍትሔ አደረገው። ዲናሞውንም ተመልከቱ። ዊሊያም ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ጓደኛው ጊልበርት ነው ከኪሱ አውጥቶ የገዛለት። በፊልሙ የእህቱ ፍቅረኛ ከሆነው መምህር ብስክሌት ይመጣል። የፍቅሩ መስመር ሥራ አገኘ፤ የጊልበርት ብር ግን ጠፋ።

እኔን የሚያናድደኝ ፊልሙ በመጀመሪያው ሰዓት በጣም ጎበዝ መሆኑ ነው። ዛፎቹ ለትምባሆ ተብለው ሲቆረጡ፣ ጎርፉ ሲመጣ፣ እህል ሲጠፋ፣ ባለሥልጣን ፊት እውነት የተናገሩት የመንደሩ አለቃ ሲደበደቡ ያሳየናል። ረሃብ ዝናብ በማጣት ብቻ እንደማይመጣ ከዚህ በተሻለ ያሳየ ፊልም አላየሁም። ሰዎቹ በቺቼዋ ሲነጋገሩ መስማትም ደስ ይላል። አባትየው ብስክሌቱን አልሰጥም የሚልበት ትዕይንትም ድንቅ ነው፤ ብስክሌቷ ለእሱ የቀረችው ብቸኛ ንብረት መሆኗ ገብቶናልና። ከዚያ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ አንድ ማሽን ይሽከረከራል፤ የትምባሆውም፣ የባለሥልጣኑም ጉዳይ በውሃው ታጥቦ ይሄዳል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የግል ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳለን በቡድን ትንሽ ተርባይን ሠርተን ነበር። ለሳምንታት አልዞር አለች። አንድ ቀን ኩሽኔታው፣ ሌላ ቀን የክንፉ አንግል። ከቡድናችን አንዷ «እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ብላ ፕሮጀክቱን ጥላ ሄደች። ሁላችንም እንዲህ ዓይነት ፊልም እያየን ያደግን ነን፤ ነገሩ በአንዴ ካልበራ ጥፋቱ የእኛ ይመስለን ነበር።

ለዚህ ነው ከፊልሙ የቀረችው አንዲት ክፍል የምታሳዝነኝ። ዊሊያም ቤቱ የሣር ክዳን ስለሆነ ሽቦዎቹ ሾርት አድርገው እንዳያቃጥሉት ፈራ። ከምስማር፣ ከሽቦ ጥቅልና ከማግኔት የራሱን ብሬከር ሠራ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ደግሞ ከነጠላ ጫማ ጎማ። አስቡት፤ መብራት ለማየት የጓጓ ልጅ ቆም ብሎ ስለ እሳት ሲያስብ! እኔ ብሆን ሦስት ደቂቃ ለዚህ እሰጥ ነበር፤ ከእህትየው ፍቅር ላይ ቀንሼ።

ስሌቴን በማግስቱ ለዚያ ላለቀሰው ጓደኛዬ አሳየሁት። ወረቀቱን አየና፣ «90 ካሬ?» አለ፤ «እናቴ በዚያ መሬት ሦስት ዓይነት አትክልት ታበቅልበት ነበር። ጉድጓዱን 5 ሜትር አድርገህ እንደገና ስራው እስቲ።»