ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ከኮምፒዩተር ክፍላችን የተነሳ ክርክር

ባለፈው የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ተነስቶ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አከራከረን። ጉዳዩ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ወይም የክፍል መጨናነቅ አልነበረም፤ በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት 22 ማሽኖች ከእንግዲህ በምን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሥሩ የሚል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከእኛዎቹ ማሽኖች ጋር አይስማማም። ገሚሱ መምህር «ዊንዶውስ 10 እንዳለ ይቀጥል፣ ምን ይመጣብናል?» አለ። ሌላው «ሁሉም ተጠርጎ ሊኑክስ ይጫንበት» አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳብሰለስለው ግን ያን ሁሉ የተናገርኩት ለተማሪዎቹ አስቤ ነው ወይስ ለራሴ ልማድ አድልቼ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ይችን ጽሑፍ ያጻፈችኝም እሷው ናት።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆናችሁ አንባብያን ባጭሩ ላስረዳ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ አንዳንዶች ስርዓተ ክወና የሚሉት፣ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚነሳውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ፍላሹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ላይሰንስ ይገዛለታል። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሲሆን ማንም ሰው በነፃ ሊገለብጠውና ሊያከፋፍለው ይችላል። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ እኛ ዘንድ የሚታወቀው ኡቡንቱ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ኩባንያ ከ2004 ጀምሮ የሚያወጣው። ስለ ማክ ብዙ አልልም። እዚህ ካኩማ ውስጥ ማክ ያየሁት በእንግዶች እጅ ነው፤ እነሱም ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ።

እንግዲህ ከራሴ ልጀምር። ኮምፒዩተር የለመድኩት በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ያ አረንጓዴ ኮረብታ ያለበት ስክሪን ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። በ2009 ዩኒቨርስቲ እያለሁ አንድ የዶርም ጓደኛዬ በፖስታ የመጣለትን የኡቡንቱ ሲዲ አሳየን። በዚያን ጊዜ ኩባንያው ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በነፃ ይልክ ነበር፤ ይህ አገልግሎት ከ2005 እስከ 2011 ቆይቷል። ሌሊቱን ሙሉ ስንጭን አደርን። ሲነጋ የጓደኛዬ ዊንዶውስ ከነፋይሎቹ የለም። ጥፋቱ የኡቡንቱ ሳይሆን የእኛው ነበር፤ ዲስኩ በሙሉ ይጠፋል የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሳናነብ ነው እሺ ያልነው። ሆኖም ያን ማሽን በእጃችን አፍርሰን በእጃችን መሥራታችን አኮራን። ትምህርቴን ሳልጨርስ ከአገር ወጣሁ፤ የሊኑክስ ፍቅር ግን አብሮኝ መጣ። ስለዚህ «ሊኑክስ ይሻላል» ስል ከጀርባዬ ያቺ ሌሊት እንዳለች አንባቢ ይወቅልኝ። ዊንዶውስን የሚወደው ባልደረባዬም የራሱ ታሪክ አለው፤ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ኢንተርኔት ካፌ ሠርቶ ያደረው፣ ቤተሰቡን የረዳው በዊንዶውስ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በዊንዶውስ ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታ ቫይረስ ነው፤ ያውም በፍላሽ የሚዞረው። አንድ መምህር የተርም ፈተና ያስቀመጠበትን ፍላሽ ይዞ መጣ። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ እውነተኛው ፋይል የለም። ፈተናው የሚሰጠው በማግስቱ ጠዋት ነው። «በቃ፣ አለቀልኝ» አለ። ፍላሹን ሊኑክስ ያለበት ማሽን ላይ ስንሰካው ፎልደሮቹ እንዳሉ ቁጭ ብለዋል። ለካ ቫይረሱ ፋይሎቹን አላጠፋቸውም፤ ስውር የሚል ምልክት ለጥፎባቸው በቦታቸው የራሱን ሾርትከት ነው ያስቀመጠው። ዊንዶውስ በተለመደው አቀማመጡ ስውር የተባለን ፋይል አያሳይም። ሊኑክስ ግን ያንን የዊንዶውስ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ አይሠራም። ያን ቀን ሊኑክስ ተአምር የሠራ መሰለ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ዊንዶውስም ላይ ስውር ፋይሎችን አሳይ የሚል ምርጫ አለ። እሱም አያውቀውም፣ እኔም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የኢንተርኔት ነገር ነው። ዊንዶውስ 10 ሳይጠይቅ አፕዴት ያወርዳል። ለወር የተገዛ ባንድል በአንድ ሌሊት ተበልቶ ያደረበትን ቀን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እዚህም ላይ ኮኔክሽኑን ሚተርድ ብሎ መገደብ ይቻል ነበር፤ ዘግይተን ነው የተማርነው፣ ባንድሉ ካለቀ በኋላ።

ስለ ላይሰንስ በስብሰባው ላይ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እኔ ልበለው። ከክፍላችን ውጭ በየሰዉ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ አብዛኛው ክራክ ነው። ከገበያ በፍላሽ ይጫናል፣ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ቅጂው ትክክለኛ አይደለም የሚል ጽሑፍ ጥግ ላይ ይወጣል፣ ባለቤቱ ተመልሶ ይሄድና ሌላ ክራክ ያስጭናል። ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀት የምንቀማ ሰዎች ራሳችን በተሰረቀ ሶፍትዌር ፈተና ስንተይብ ትንሽ ያሳፍራል።

ሊኑክስንስ? እሱም ብዙ የሚነቀስ አለው። ትልቁ ችግሩ፣ የሠሩት ሰዎች ኢንተርኔት እንደ አየር በነፃ የሚተነፈስ የሚመስላቸው መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ላይ አንድ ፕሮግራም ለመጫን አንድ ፋይል በፍላሽ ይዞ መምጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኡቡንቱ ላይ ግን አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ይጠራል፣ ያም ሦስተኛውን ይጠራል፣ ሁሉም ከኢንተርኔት ይምጣልኝ ይላሉ። ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንደ ሠርግ ጥሪ ማለቂያ የለውም። አንዳንድ የዋይፋይ ካርድ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አይሠራም፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልጋል። ፕሪንተራችንን ለማስለመድ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። «ሊኑክስ ቀላል ነው» የሚል ሰው ይህን ደብቆ መናገር የለበትም።

በክፍል ውስጥ ደግሞ «እናንተ እኮ ሊኑክስ ታውቃላችሁ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ቴክኖ ስልክ በአንድሮይድ ነው የሚሠራው፣ አንድሮይድ ደግሞ በሊኑክስ ከርነል ላይ የተገነባ ነው» እያልኩ አደፋፍራቸው ነበር። ውሸት አይደለም። ግን ስልክ መጎርጎር የለመደ ልጅ ኡቡንቱ ፊት ሲቀመጥ ምንም አይጠቅመውም። ከዚህ በኋላ አልለውም።

ስለ አማርኛ ጽሑፍም አንድ የተሳሳትኩበትን ልናገር። ለዚህ ለዜና መጽሔታችን የሚመጡ ጽሑፎች የተወሰኑት በድሮው የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ተተይበው ነው የሚመጡት። ሊኑክስ ላይ ስንከፍታቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኑ። «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ተባለ፤ እኔም ዝም አልኩ፣ መልስ አልነበረኝማ። ኋላ ነው የገባኝ። እነዚያ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለሆኑ ፎንቱ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይም ያው ትርምስ ነው የሚታየው። ግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ሊኑክስ ላይ አቢሲኒካ የሚባለው ነፃ ፎንት አለ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሁለቱም ላይ ይነበባል። ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን፣ እባካችሁ በዩኒኮድ ጻፉልን። ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር አይገናኝም፣ የአዘጋጆቹ ዓይን ነው የሚጠፋው።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልመለስ። ከጎበዝ ተማሪዎቼ አንዷ፣ ስሟን አልጠቅስም፣ አንድ ድርጅት ለዳታ ክለርክ የኢንሴንቲቭ ሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተመዝግባ ለተግባር ፈተና ተጠራች። እኔ ያስተማርኳት ሁሉ በኡቡንቱና በሊብረኦፊስ ነበር። ፈተናው በዊንዶውስና በኤክሴል መጣ። ጠረጴዛ መሥራት፣ መደመር፣ መለየት፣ ቻርት ማውጣት፤ ሁሉንም ትችላለች። ግን ከላይ ያለው የኤክሴል ሪባን እኛ ከለመድነው የሜኑ ዝርዝር ጋር አልመሳሰል አላት። የተሰጣት 20 ደቂቃ ቻርቱ የት እንዳለ ስትፈልግ አለቀ። ሥራውን ሌላ ሰው አገኘው። በማግስቱ መጥታ «ቲቸር፣ ፎርሙላውን አውቀዋለሁ። ገጹ ግን እርስዎ ያስተማሩን አይመስልም» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት ስንት ጊዜ ይወጣል? እኔ በስብሰባ ላይ ስለ ነፃ ሶፍትዌር ስሰብክ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።

ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ «ይኸው፣ አላልኩህም?» አለኝ። አልክ፣ ግን አንተም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለህም። በዊንዶውስ ብቻ የተማሩት የአንተ ተማሪዎች አንድ ሜኑ ቦታውን ሲቀይር እንደሷው ግራ ይጋባሉ። ከዊንዶውስ 7 ወደ 10 ስንሸጋገር አላየንም? ስታርት ሜኑው መልኩን ስለለወጠ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ «ኮምፒዩተሩ ተበላሸ» ሲሉን ነበር። አንተም እኔም ያስተማርነው የቁልፎችን አድራሻ ነው። ፋይል ምንድነው፣ የት ይቀመጣል፣ ለምን ይሰወራል፣ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ለምን ይፈልጋል የሚለውን አላስተማርንም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ አዲስ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ለትንሽ ጊዜ ይደናገራል እንጂ አይሸነፍም። የማያውቅ ግን የትኛውንም ብንጭንለት ያው ነው። አንዱን ስክሪን ብቻ አይቶ ይህን መማር ደግሞ ይከብዳል፤ እኛ ራሳችን ስለ ስውር ፋይል የገባን ያንን ፍላሽ ሁለት ቦታ ስለሰካነው ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ ያልኩትን አሻሽዬ እንዲህ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከ22ቱ 16ቱ ሊኑክስ ይጫንባቸው፤ አሮጌዎቹና 2 ጊጋ ራም ብቻ ያላቸው በቀላሉ ዓይነት፣ ለምሳሌ በሉቡንቱ። ለእነዚህ ማሽኖች የሊኑክስ ትልቁ ጥቅም ውበት ወይም ፍጥነት አይደለም። ሲበላሽ ማንንም ሳንለምን፣ ቁልፍ ሳንጠይቅ፣ ከአንዲት ፍላሽ እንደገና መጫን መቻሉ ነው። ባለፈው ተርም አራት ተማሪዎች እኔ በሌለሁበት፣ ጀነሬተሩ ሳይጠፋ ቶሎ ቶሎ ብለው፣ ሦስት ማሽን ጭነው አገኘኋቸው። ቴክኒሽያን ከሎድዋር እስኪመጣ ብንጠብቅ ተርሙ አልቆ ነበር።

ስድስቱ ደግሞ ላይሰንስ ባለው ዊንዶውስ 10 ይቆዩ፤ ከኢንተርኔት ተነጥለው። ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 2026 የሚያደርስ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት ለግለሰቦች አዘጋጅቶ ነበር፤ ግን አካውንትና ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ለእኛ አይሆንም። ማንኛውም ፍላሽ እነዚህ ስድስቱ ላይ ከመሰካቱ በፊት በሊኑክሱ ማሽን ይታይ። እያንዳንዱ ተማሪ አንዱን የቤት ሥራ በሁለቱም ላይ ይሥራው፤ ቻርቱን በሊብረኦፊስም በኤክሴልም ያውጣው። «አዲስ ማሽን እስኪለገሰን እንጠብቅ» ለሚሉት መልስ የለኝም፤ የጠበቅነውን ያህል ጠብቀናል።

ያቺ ተማሪ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት እየመጣች ከስድስቱ በአንዱ ላይ ትለማመዳለች፤ ሌሎች ሁለት ልጆችም ይዛ ትመጣለች። ጽሑፉን ከመስጠቴ በፊት ለባልደረባዬ አሳይቼው ነበር። እስከ መጨረሻው አንብቦ «ስድስት አይበቃም፣ አሥር ይሁን» አለኝ። እኔ ከስምንት አልወጣም። በሚቀጥለው ስብሰባ እንገናኝ።