ሁለተኛውን ፕሮሰሰር አጥፍቶ «ዳነ» ስለ ማለት

እንደ ስፓርክስቴሽን 10 ያሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጡና እስከ 4 ፕሮሰሰር የሚሸከሙ አሮጌ ወርክስቴሽኖች ከርነላቸው በድንገት ሲወድቅ፣ ብዙ ጠጋኞች የሚያዙት መድኃኒት አንድ ነው፤ ይኸውም ከአንዱ በቀር ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች ማጥፋት ነው። መኪናው ከዚያ በኋላ ሳይወድቅ ይውላል፤ ጥገናውም ተፈጸመ ይባላል። እኔ የምነቅፈው ይህን ፍርድ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የየጥኖራን ጎተራ ለምሳሌ ላንሣ። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ መዝገብ እህል ይቀበላሉ እንበል። መዝገቡ 40 ኩንታል ይላል። አንደኛው 40ን አንብቦ 5 ሊደምር ሲል፣ ሁለተኛውም ያንኑ 40 አንብቦ 3 ደመረና 43 ጻፈ፤ አንደኛው ግን በላዩ 45 ጻፈበት። ማንም ሳይሰርቅ 3 ኩንታል ከመዝገብ ጠፋ። ሁለት ፕሮሰሰሮችም አንድን የሜሞሪ ስፍራ ያለ ቁልፍ ሲጋሩ የሚደርሰው ይኸው ነው። አንዱን ጸሐፊ ብናሰናብት ጕድለቱ አይታይም፤ የመዝገቡ ሥርዐት ግን እንደ ተበላሸ ነው።

ምናልባት አንባቢ «ታላላቆቹም እንዲሁ አድርገዋል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰንኦኤስ 4.1.2፣ ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው በ2.0፣ ከርነሉን በአንድ ትልቅ ቁልፍ ዘግተው በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ አስገብተዋል። ለጅምር ብልኀት ነበረ። ነገር ግን ሊኑክስ በቁልፉ የተሸፈነውን ሁሉ መርምሮ ቁልፉን ጨርሶ ለማንሣት እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ደክሟል።

እርግጥ ነው፣ ፕሮሰሰር ማጥፋት ለምርመራ ይረዳል፤ ጥርጣሬን ወደ ቁልፍ አያያዝ ይመራልና። ሆኖም ሙሉ ማስረጃ አይደለም፤ ሙቀት ወይም የደከመ የኤሌክትሪክ መጋቢ ቢሆንም ሸክሙ ሲቀልለት ዝም ይላል። መልእክት የሚያትም ትእዛዝ መጨመርም የሥራውን ጊዜ ስለሚለውጥ ስሕተቱን ሊሰውር ይችላል። የሚሻለው፣ ከርነሉ ሲወድቅ የሜሞሪውን ቅጂ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት የት እንደ ነበረና የትኛውን ቁልፍ እንደ ያዘ ማንበብ ነው። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቁልፎችን ቅደም ተከተል የሚቈጣጠር መሣሪያ አለው።

አዲስ መኪና እንደ ልብ በማይገዛበት አገር ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። የመኪናውን ግማሽ ኃይል አጥፍተን «ዳነ» ካልን፣ ኃይሉን ብቻ ሳይሆን ከውድቀቱ ልንማረው የነበረውንም እናጣለን።