ሕግ፣ ሰንበትና የትምህርት ሰዓት፦ የዳንኤል ሀንገርማን ጥናቶች ሲመዘኑ

መንግሥት አንድን ሕግ ሲያወጣ ወይም ሲሽር፣ ሕጉ በስም ያልጠራቸው ተቋማትና ልማዶች ጭምር ይነካሉ። ስለ ንግድ ሰዓት የወጣ ደንብ የቤተ ክርስቲያንን ጉባኤ፣ ስለ ድኾች መርጃ የወጣ ዐዋጅ የምእመናንን ምጽዋት፣ ስለ ትምህርት ግዴታ የወጣ ሕግ የዜጎችን እምነት ሊለውጥ ይችላል። ይህ አባባል በግምት ደረጃ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ በቁጥር አስደግፎ የማሳየቱ ሥራ የተስፋፋው በቅርብ ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ ሥራቸው ከሚጠቀስ ምሁራን አንዱ በአሜሪካ የኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ዳንኤል ሀንገርማን ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከጥናቶቻቸው ዋና ዋናዎቹን ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በአጭሩ ማቅረብ፣ ጥንካሬያቸውንና ጉድለታቸውን መመዘን፣ በመጨረሻም ለትምህርት ሥራ የሚሰጡትን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

የእሑድ ንግድ ሕጎች

ከጥናቶቹ ይበልጥ የታወቀው፣ ሀንገርማን ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሁር ከጆናታን ግሩበር ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. «ኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ርእሱ ቤተ ክርስቲያንንና የገበያ አዳራሽን እንደ ሁለት ተፎካካሪዎች ያስቀምጣል። የጥናቱ መነሻ በአሜሪካ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የኖሩት፣ በተለምዶ «ሰማያዊ ሕጎች» የሚባሉት የእሑድ ንግድ ክልከላዎች ናቸው።

የእነዚህን ሕጎች ጠባይ ለመረዳት በሜሪላንድ ግዛት የደረሰውን አንድ ጉዳይ መመልከት ይበቃል። በዚያ የአንድ ትልቅ መደብር ሠራተኞች በእሑድ ቀን አንድ ክላሰር፣ አንድ ጣሳ የወለል ሰም፣ ስቴፕለር ከነሽቦውና የሰርጓጅ መርከብ አሻንጉሊት ሸጣችኋል ተብለው ተቀጡ። በዚያው ሕግ ግን ትምባሆ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ቤንዚንና ጋዜጣ መሸጥ የተፈቀደ ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1961 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ሲያገኝ፣ ፍርድ ቤቱ ሕጉ በመነሻው ሃይማኖታዊ ቢሆንም የኋላ ኋላ ዓላማው ለሕዝቡ አንድ የጋራ የዕረፍት ቀን ማቆየት ሆኗል በማለት አጸናው። በጎረቤት ካናዳ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን የአገሪቱን ሕግ ዓላማው ሃይማኖታዊ ነው ሲል ሻረው። ሁለት ጎረቤት አገሮች አንድ ዓይነት ሕግ ይዘው ተቃራኒ ፍርድ ላይ መድረሳቸው፣ የዕረፍት ቀን ጥያቄ የሃይማኖትም የሥራም ጥያቄ እንደ ሆነ ያመለክታል።

ፍርድ ቤቱ ቢያጸናቸውም፣ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ሕጎቻቸውን በተለያየ ዓመት በራሳቸው ፈቃድ ሻሩ። ተመራማሪዎቹ ለጥናታቸው የተጠቀሙበት ይህንኑ የጊዜ ልዩነት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሰው ከማይሄደው ጋር ብቻ ማነጻጸር ለእውነት አያደርስም፤ በጠባዩ ቁጥብ የሆነ ሰው ቀድሞውኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘነብል ሊሆን ይችላልና። ይህ ችግር ለመምህር እንግዳ አይደለም። የማጠናከሪያ ትምህርት የተከታተሉ ተማሪዎች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ቢያመጡ፣ ውጤቱ ከትምህርቱ ይሁን ከተማሪዎቹ ትጋት በቀላሉ መለየት አይቻልም። የአንድ ግዛት ሕግ መሻር ግን የግለሰቡን ጠባይ ተከትሎ የሚመጣ ነገር ስላልሆነ፣ ሕጉ ከመሻሩ በፊትና በኋላ ያለውን ሁኔታ ሕጋቸውን በዚያ ጊዜ ካልለወጡት ግዛቶች ጋር አነጻጽሮ የለውጡን ውጤት ለብቻው ማየት ይቻላል።

የተገኘው ውጤት ግልጽ ነው። ሕጉ ሲሻር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሕዝብ ቀነሰ፤ ለአብያተ ክርስቲያናት የሚሰጠው ገንዘብና የአብያተ ክርስቲያናቱም ወጪ አብሮ ቀነሰ። ሃይማኖታዊ ላልሆኑ ማኅበራት የሚሰጠው ስጦታ ግን ተመሳሳይ መቀነስ አልታየበትም። ተመራማሪዎቹ የሃይማኖተኛነት ስሜት ሕጉ ከመሻሩ በፊት ቀድሞ ተዳክሞ እንደ ሆነ መርምረው፣ ውጤቱ ከዚያ የመነጨ አይመስልም ብለዋል። ከዚህ አልፈው፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጊዜው እየተጠየቁ የቆዩ የአንድ ትውልድ ወጣቶችን መረጃ በመጠቀም የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ልማድን ፈትሸዋል። ሕጉ ከተሻረ በኋላ ሁለቱም ጨመሩ፤ የጨመሩትም ቀደም ሲል ሃይማኖተኛ በነበሩት ዘንድ ብቻ ነው። በሃይማኖተኞችና ሃይማኖተኛ ባልሆኑት መካከል በከባድ መጠጥ ረገድ የነበረው ልዩነት በግማሽ ያህል ጠበበ።

ምጽዋት፣ ምርጫና ግዴታ ትምህርት

ሀንገርማንና ግሩበር በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ድኾችን በሰፊው መርዳት ሲጀምር የአብያተ ክርስቲያናት የበጎ አድራጎት ወጪ 30 ከመቶ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። ይህ መቀነስ ከመንግሥት ርዳታ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲተያይ 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደሚታይ ፍርዱን ይለውጠዋል፤ ለቤተ ክርስቲያኗ መዝገብ ትልቅ ጉድለት የሆነው ለድኻው ከመጣለት ርዳታ አንጻር ጥቂት ነው።

ከፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ከአላን ገርበር ጋር በተደረገ ሌላ ጥናት፣ የእሑድ ሕጎች በተሻሩባቸው ግዛቶች በምርጫ የሚሳተፈው ሕዝብ ከመቶ በአንድ ያህል መቀነሱ ታይቷል። ለሳምንታዊ ጸሎት መሰብሰብ ለአገር ጉዳይ ከመሰብሰብ ጋር ግንኙነት እንዳለው ይህ ውጤት ይጠቁማል።

ለመምህራን በቀጥታ የሚመለከተው ግን ሀንገርማን በ2014 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን ያሳተሙት ጥናት ነው። የካናዳ ክፍላተ ሀገር የትምህርት ግዴታ ሕጎቻቸውን በየጊዜው ስለለወጡ፣ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ዓመት የተማሩ ሰዎች በኋለኛው ዕድሜያቸው ስለ ሃይማኖታቸው የሰጡት መልስ ተመርምሯል። አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት፣ ሃይማኖት የለኝም የሚለውን ሰው ቁጥር ከእያንዳንዱ መቶ በ4 ከፍ እንደሚያደርግ ተደርሶበታል።

የጥናቶቹ ጥንካሬና ጉድለት

የእነዚህ ሥራዎች የመጀመሪያው ጥንካሬ ለሕዝብ ክርክር ልክ ማበጀታቸው ነው። ሃይማኖት ሰውን ከመጠጥ ይጠብቃል የሚለውም ሆነ አይጠብቅም የሚለው ወገን የሚከራከርበት ማስረጃ አገኘ። ሁለተኛው ጥንካሬ ሕግ በተዘዋዋሪ መንገድ የሚያስከትለውን ውጤት ማሳየታቸው ነው። ሱቅ በእሑድ እንዲከፈት የፈቀደ የሕግ አውጪ አባል ስለ ወጣቶች መጠጥ እየወሰነ እንደ ሆነ አላሰበም ይሆናል፤ ውሳኔው ግን እስከዚያ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሦስት ጉድለቶች ሳይጠቀሱ መታለፍ የለባቸውም። አንደኛው የሕግ ማስከበርን ጉዳይ ይመለከታል። በእንዲህ ያለ ጥናት ሕጉ የተሻረበት ዓመት እንደ ድንበር ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ዳቦ ፈቅዶ ክላሰር የሚከለክል ሕግ በፖሊስና በዳኛ ዘንድ ሁልጊዜ በእኩል ጽናት ይሠራበታል ብሎ መገመት ያስቸግራል። በወረቀት ላይ እየኖረ በተግባር የሞተ ሕግ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የመሻሩ ዕለት ብዙ አይለውጥም። ስለዚህ የሕግን ኃይል የሚመዝን ሰው ከጽሑፉ ባሻገር የአፈጻጸሙን ታሪክ መያዝ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉድለት በሚዛኑ ላይ ያልተቀመጡትን ሰዎች የሚመለከት ነው። በዚያው በ1961 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፊላዴልፊያ አይሁድ ነጋዴዎችን አቤቱታ ሰምቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች በእምነታቸው ምክንያት ቅዳሜ ይዘጋሉ፤ በሕጉ ምክንያት እሑድም ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ከጎረቤታቸው አንድ የገበያ ቀን ያነሰ ይሠራሉ። አቤቱታቸው ተቀባይነት አላገኘም። ጥናቱ የሕጉን መሻር ጉዳት ሲቆጥር፣ ሕጉ ጸንቶ በነበረ ጊዜ እነዚህ ወገኖች የከፈሉትን አይቆጥርም። እርግጥ ነው፣ አንድ ጥናት ሁሉን ይመልስ አይባልም። ነገር ግን ከዚህ ጥናት ተነሥቶ ክልከላው ይመለስ የሚል ዕቅድ አውጪ ቢኖር፣ የሒሳቡን ግማሽ ገጽ ብቻ አንብቧል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ለትምህርት ባለሙያ ዋናው ጉድለት፣ የሚቆጠረው የሰዓቱ መኖር እንጂ የሰዓቱ ይዘት አለመሆኑ ነው። በእሑድ ጥናቱ ቤተ ክርስቲያን የተሄደበት ቀን፣ በካናዳው ጥናት ትምህርት ቤት የተዋለበት ዓመት ይቆጠራል። በዚያ ቀን የተሰበከው፣ በዚያ ዓመት የተሰጠው ትምህርት፣ ያስተማረው ሰው ጠባይ፣ አብረው የተቀመጡት ጓደኞች ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። ሰውየውን ከመጠጥ የጠበቀው ስብከቱ ነው? የጎረቤት ዓይን ነው? ወይስ ቅዳሜ ማታ አምሽቶ መጠጣት ለእሑድ ጧት የማይመች መሆኑ ብቻ? ምላሹ እንደየምክንያቱ ይለያያል። ኃይሉ ከስብከቱ ከሆነ የግብረ ገብ ትምህርት ሊተካው ይሞክራል፤ ከጎረቤት ከሆነ ማኅበርና ክበብ ሊረዱ ይችላሉ፤ ከሰዓቱ ብቻ ከሆነ ግን የስፖርት ሜዳም ያንኑ ሊሠራ ነው። የካናዳውም ውጤት እንዲሁ ነው። ሃይማኖትን የቀነሰው የሳይንስ ትምህርቱ ይሁን፣ ከመንደር ወደ ከተማ የወሰደው ሥራ፣ ወይም የተማረ ሰው ለጠያቂ በግልጽ የመመለስ ልማድ፣ የዓመታቱ ቁጥር ብቻውን አይናገርም።

ለትምህርት ዕቅድ የሚሰጠው ቁም ነገር

የአሜሪካና የካናዳ ውጤት በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር አይደለም። በዚህ አገር የሰንበት ጥያቄ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስኗል። በዘመናችንም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ቀን የምሳ ዕረፍት ለጁምዓ ጸሎት እንዲያመች ረዘም ይላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የሚሻገረው እንግዲህ ቁጥሩ ሳይሆን ጥያቄው ነው።

ጥያቄው በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ አለ። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን ወደ ማስተማር ሲሸጋገር የትምህርት ሰዓት መጨመሩ በጎ ነገር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ሕፃኑ በትርፍ ፈረቃው የቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ይሄድ ነበር፤ ከብት ይጠብቅ፣ እናቱን በገበያ ያግዝ፣ ታናናሾቹን ይጠብቅ ነበር። ደንቡ ከእነዚህ አንዱንም በስም አይጠራም፤ ሁሉንም ግን ይነካል። ዕቅድ አውጪው ከውሳኔው በፊት ያ ሰዓት በማን እጅ እንደ ነበር፣ በዚያ ሰዓት ሕፃኑ ምን ያገኝ እንደ ነበር፣ ደንቡም በገጠርና በከተማ በእኩል ሊፈጸም እንደሚችል ወይም እንደማይችል ቢመረምር፣ ከእሑድ ሕጎች ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት በሥራ ላይ አዋለ ማለት ነው።

የመምህሩ ድርሻ ደግሞ ኢኮኖሚስቱ በተወው ቦታ ይጀምራል። የተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥርና የትምህርት ዓመታት ብዛት ለዕቅድ አስፈላጊ መለኪያዎች ናቸው፤ በሰዓቱ ውስጥ የሆነውን ግን የሚያየው በክፍሉ ያለው መምህር ብቻ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚደረግ አነስተኛ ምርምር ይህን የሰዓት ይዘት መመዝገብ ቢጀምር፣ የሀንገርማን ጥናቶች ክፍት የተዉት ጥያቄ ከዚህ አገር ክፍሎች መልስ ሊያገኝ ይችላል።